ጋረደውና በኪሳራ የሚያርሱት ሰዎች

ሱዳን ጠረፍ ላይ ባለችው ባሱንዳ ውስጥ ጋረደውን የማያውቀው የለም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የእናቱን ነጠላ ይዞ በእግሩ መተማን ተሻገረ። አድጎም አሥራ አንድ ዓመት ፋሽጋ ላይ የሰው ሰሊጥ አጨደ፤ በዚያ ገንዘብ አንዲት አሮጌ ቀይ ትራክተር ገዛ። ገዛ ስላችሁ በቀላሉ እንዳይመስላችሁ! «ለምለም» ብሎ ስም አወጣላት። ሚስቱ ራሒማ «ከእኔ ልብስ ይልቅ እሷን ነው የምታጥበው» እያለች ታበሽቀው ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር የድሃውን መሬት በፈዳን፣ በሱዳኖቹ የመሬት ልክ፣ እየተከፈለው ያርሳል፤ አምስት ልጅ ያሳደገው በለምለም ነው።

የካርቱሙ ጦርነት ከመነሳቱ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት ስድስት አዳዲስ ትራክተር ይዞ ገዳሪፍ ገባ። በስልክ ትጠራቸዋለህ፣ ከተፍ ይላሉ። ዋጋቸውስ? የጋረደው ግማሽ!

ጋረደው ሣቀ። ናፍጣውን፣ የሹፌሩን ቀን፣ የማረሻውን መበላት አሰላና «በየፈዳኑ እየከሰሩ ነው» አለ። «በኪሳራ የሚነግድ ሁለት ክረምት አይዘልቅም። እጠብቃቸዋለሁ።»

እሱም ዋጋውን በግማሽ ቀነሰ። ለናፍጣ ፍየሎቹን ሸጠ፤ በሁለተኛው ክረምት ላሞቹን። ጎረቤቱ ባፈና ሳይቀር በድርጅቱ አሳረሰ።

«አንተም ከዳኸኝ?»

«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ርካሽ ማን ይጠላል? ደግሞ ያንተዋ ቆማ ስታስል የሰው ሰሊጥ ይደርሳል!»

ቢጨንቀው ሄርመላን ጠየቃት። ሄርመላ ከትግራይ የተሰደደች፣ ዓረብኛ የምታቀላጥፍ፣ የድርጅቱ መዝጋቢ ናት።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ከየት ነው የሚበሉት?»

«ከእርሻው አይደለም አቦይ። ገንዘቡን የሚሰጠው ዱባይ ያለ ፈንድ ነው። የራሱም አይደለም፣ የሀብታሞች አደራ ነው። ድርጅቱ አተረፈም ከሰረም፣ ፈንዱ ለጠባቂነቱ በየዓመቱ ክፍያውን ይቆርጣል። ገንዘቡን አሥር ድርጅት ላይ ይበትነዋል፤ ዘጠኙ ቢደርቁ አንዱ ይክሳቸዋል።»

«አንዱስ በምን ያተርፋል?»

«ማን አትርፍ አለው! ደንበኛው ከበዛ፣ ገበያውን ብቻውን ከያዘ፣ ‹ነገ ያተርፋል› ብሎ የሚያምን ትልቅ ገዥ ይመጣል። ፈንዱ በድርጅቱ ውስጥ ያለውን ድርሻ በአሥር እጥፍ ሸጦ ይወጣል።»

ጋረደው ግንባሩን መታ። «ሸይል ነው በይኛ!» ሸይል ማለት ሰሊጡን ሳይደርስ በቡቃያው መሸጥ ነው፤ እኛ ሲቸግረን የምናደርገው። «እኛ በቡቃያው ሸጠን እንደኸያለን፣ እነሱ በቡቃያው ሸጠው ይከብራሉ። እኔ ሞኙ አጨዳቸውን ስጠብቅ!»

ከዚህ በኋላ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም፤ የሚሸጥ ከብትም አልቀረውም። ታኅሣሥ ላይ ለምለምን ለአንድ የፋሽጋ ባለ እርሻ ሸጣት። ራሒማ እንደነገረችኝ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም።

የካቲት ላይ ፈንዱ ድርሻውን ሸጠ። አዲሶቹ ገዥዎች መጥተው የባሱንዳን ኪሳራ ቢያዩ ስድስቱንም ትራክተር ጭነው ወሰዱ። ጦርነቱ ያኔ ገና አልጀመረም፤ በጦርነት እንዳታመካኙ! ሰኔ ዝናቡን ሲያወርደው ባሱንዳ ላይ የሚያርስ ሞተር ጠፋ። ባፈና እንኳ ከነልጆቹ በእጁ ቆፍሮ ሁለት ፈዳን ዘራ፤ የቀረውን ሣር በላው።

ሄርመላ ሌላ ሥራ ፈልጋ ስታጣ ወደ ካምፕ ልትመለስ ተነሳች። ልትሰናበተው መጥታ ደጃፉ ላይ አለቀሰች።

«አቦይ፣ አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ። ጥር ላይ አለቆቼ ከካርቱም ደውለው ‹ባሱንዳ ውስጥ ሌላ አራሽ አለ ወይ?› አሉኝ። ለገዥው የሚቀርብ ወረቀት ነበር። ‹የለም› ብዬ ጻፍኩ። የድርሻው ዋጋ የናረው በዚያች ቃል ነው፤ አለቃዬ ደስ ብሎት ጉርሻ ሰጠኝ።»

ጋረደው በርጩማ ስቦ አስቀመጣት።

«ለምለም ከተሸጠች በኋላ ነው የጻፍሽው?»

«በወሩ።»

«እንግዲያ ምን ያስለቅስሻል? እውነቱን ነው የጻፍሽው» አላት። «ሌላ አራሽ ማን አለ?»