የተቆለፈበት የበርበሬ ፍሬ፤ ከማይጨው እስከ መቀሌ

አስቀድሜ በደሉን ልናገር። በማይጨው በርበሬ የምንቀነጥስ ሴቶች ከድሮ ጀምሮ ወደ ቤታችን የምንወስደው ፍሬ ተቆልፎበታል።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ለከተማ ገበያ የሚፈጭ በርበሬ ፍሬው ሲወጣለት ቀይነቱ ያምራል። ስለዚህ ዛላውን እንቀነጥሳለን፣ እንሰነጥቃለን፣ ፍሬውን እናራግፋለን። ዛላው ለነጋዴው፣ ፍሬው ላስነጠሳት ሴት ነው። ይህን ማንም አልጻፈውም፤ ያፈረሰውም ግን አልነበረም። ባለፈው ሳምንት የምንሠራበት ወፍጮ ባለቤት መጋዘኑን ቆልፎ፣ ፍሬውን የመቀሌ ተመራማሪዎች ስለሚፈልጉት ከእንግዲህ አንድ እፍኝ አይወጣም አለን። ልጄ አበባ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለልጆቿ ሽሮ የምትሠራው በዚያ ፍሬ ነው። ከጨው ጋር ትፈጨዋለች፣ ሌላ በርበሬ ቤቷ አይገባም። ያን ቀን አንድም ቃል ሳትተነፍስ ወደ ቤት ገባች። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ማይጨው

የማይጨው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። መናኸሪያው ውስጥ የሚታየው የሚኒባሶች መብራትና የሰው ትንፋሽ ነው። ቤት ከቀረው ፍሬ ትንሽ በፌስታል ቋጥሬ ይዣለሁ፤ የምከራከራቸው ሰዎች ስለምን እንደማወራ በዓይናቸው ይዩት ብዬ።

ዓዲ ሽሁ ሳንደርስ ፌስታሉ ተቀዶ ኖሮ መኪናው በሙሉ ማስነጠስ ጀመረ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና እንደ እናቱ ጠራኝ።

«አደይ፣ ወይ እሱ ከላይ ይጫን፣ ወይ እርስዎ።»

«እኔን ጫነኝ። እሱ በከፈልኩበት ወንበር ይቀመጣል» አልኩት።

ሰው ሳቀ። ከጎኔ የነበረች ነጋዴ ሌላ ፌስታል ሰጠችኝ፣ ደርቤ ቋጠርኩት።

ረፋድ፣ ከአላጀ ቁልቁል

አላጀ ላይ ጉም አስፋልቱን ውጦታል። ከባድ መኪና በመጣ ቁጥር ሾፌሩ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ወደ ሒዋነ ስንወርድ ፀሐይ ወጣች፤ በየማሳው የእህል ክምር ቆሟል፣ በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ። ቁርስ ፉል በላን። ሳህኑ ካለፈው ጉዞዬ ጠቧል፣ ዋጋው ግን ሰፍቷል።

ሾፌሩ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። በፍሬ ምክንያት ከምሁር ጋር መጣላት አያዋጣም፣ ደግሞስ ቆሻሻ አይደለም ወይ አለኝ። ቆሻሻ ከሆነ ለምን ይቆለፍበታል አልኩት። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ እስከ ዓዲ ጉዶም ነዳ።

ቀትር፣ መቀሌ

ከኲሓ ቁልቁል ከተማዋ በድንጋይ ቤቶቿ ተዘርግታ ትታያለች። ሮማናት አደባባይ ወረድኩ። ባጃጅ በባጃጅ ላይ ነው፤ ካፌዎቹ በረንዳ ላይ ወጣቶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። በባጃጅ ዩኒቨርሲቲው ወዳለበት ወደ እንዳ ኢየሱስ ወጣሁ። ዳገቱን ተማሪዎች በእግራቸው ይወጡታል፣ ሳይደክማቸው ያወራሉ። የተመራማሪዎቹ ላቦራቶሪ ከዚያ ጀርባ ነው። ጥበቃው ቀጠሮ አለዎት ወይ አለኝ። ፌስታሉን ፈትሽ ብዬ ሰጠሁት። ፈትሾ፣ አስነጥሶ፣ ዓይኑን እያሸ አስገባኝ።

ምርምሩን የምትመራው ዶክተር ሰናይት ትባላለች። ሽበት ያለው ወንድ ጠብቄ ነበር፤ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ልጄን የምታህል ሴት ወጣች። ልጮህባት አፌን ከመክፈቴ ወንበር ሳበችልኝ፣ ውኃ አመጣችልኝ።

ከዚያ ትንሽ ጠርሙስ አሳየችኝ። ውስጡ ወርቅማ ቅባት አለ፣ ከማር የቀጠነ። አንድ ጠብታ እጄ ላይ አደረገችልኝ፤ አያቃጥልም። ይህ ከዚያ ፍሬ መውጣቱን ስትነግረኝ ክው አልኩ። ፍሬውን ፈጭተው በአልኮል ይነክሩታል፤ የምግብ ዘይት ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ፣ ለሰው ሰውነትም የሚበጅ ነገር ይወጣዋል። ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ያራገፍኩት ነው! ሰናይት በሥራዋ ትኮራለች፣ ያስታውቅባታል። የተጣለ ነገር ዋጋ እንዲያገኝ ነው የምንደክመው አለችኝ።

«ማን ጣለው?» አልኳት።

ባለወፍጮውን ብቻ ሳይሆን ሴቶቹንም መጠየቋን ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት ወፍጮው ድረስ ሄዳ፣ ፍሬውን ምን ታደርጉታላችሁ ብላለች። አንዷ ሴት እንጥለዋለን፣ ውሰዱት ብላ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አሸክማታለች። ምሳም ጋብዛታለች።

«ምን ዓይነት ሴት?»

«ረጅም ናት። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት።»

ጠባሳው በልጅነቷ በር መትቷት የቀረ ነው። አበባ ናት።

ለምን እንዳለችው ወዲያው ገባኝ። ከከተማ የመጣች፣ ንጹሕ የለበሰች እንግዳ ፊት፣ እኛ ፍሬ ነው የምንበላው ብላ ማን ትናገራለች? ለእንግዳ ድህነትን አናሳይም፤ እንዲህ ነው ያደግነው፣ እኔም እንዲህ ነው ያሳደግኋት። ከጎረቤት ደህናውን በርበሬ ተበድራ አብልታት ይሆናል። አሁን ግን የልጆቿ ወጥ ሊነጣ ነው፣ ዝምታዋም እኔን አይዘኝም።

«ያቺ ልጄ ናት» አልኳት። «አፍራ ነው የዋሸችሽ። አንጥለውም፤ እንበላዋለን። የልጅ ልጆቼ ያደጉበት ነው።»

ስናገረው ፊቴ ጋለ። ሰናይት ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ተነሥታ ወደ አለቃዋ ክፍል ሄደች፣ በሩ ተዘጋ፤ ድምፃቸው ሲነሣና ሲወርድ ይሰማኛል። ቆይታ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ለባለወፍጮው ደወለች። መጋዘኑ የራሱ መሆኑን ሲጮህ ከስልኩ እኔ ድረስ ተሰማ። ስልኩን ዘግታ መጣች። ከጠረጴዛው ማዶ አልተቀመጠችም፤ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አደይ፣ ነገ ይከፍታል ብዬ መማል አልችልም፣ ቁልፉ የሱ ነው። እኛ ግን ከሱ እጅ አንድ እፍኝ አንወስድም። እናንተ በልታችሁ የተረፈ ካለ፣ ከፈቀዳችሁ፣ ከእናንተ እንቀበላለን።»