የሚኒስትሩ መጋረጃ

ጁባ ውስጥ የሚኒስትሩን ትዳር፣ መጋረጃ ሰፊዋ ዓቢዳ አበጥራ ታውቀዋለች። ሰውዬው ለአንዷ ሚስት የገዛውን ለሌሎቹም ካልገዛ ቤቱ ስለሚታመስ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር ከአንድ ጣቃ ቆርጣ ለአራቱም ቤት እኩል ትሰፋለች። ዘንድሮ አምስተኛ ጨመረና፣ ጉዴሌ ሰፈር ሄዳ መስኮት እንድትለካ ሾፌሩን ላከባት። በሩን የከፈተችላት ናንሲ ናት፤ እስከ አምና ከዓቢዳ ልጅ ከራንያ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትማር የነበረችው። ዓቢዳን አንገሸገሻት። ያ ሽበታም ሚኒስትር ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ “ሴት ልጆቻችሁን አስተምሩ” ሲል በጆሮዋ ሰምታዋለች። ሜትሯን ጠቅልላ ልትወጣ ስትል ናንሲ እጇን ያዘቻት።

“እትዬ ዓቢዳ፣ የኔን በወፍራም ጨርቅ ይስፉልኝ። እነራንያ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ በዚህ ነው የሚያልፉት።”