እማዬ የወለወለችው ምንሽር

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ገበያ የኑግ ዘይት ሲሸተኝ ልጅነቴ መጣብኝ። ቡሬ አጠገብ፣ በእኅቴ ሠርግ ዋዜማ፣ እማዬ የሟቹን አባቴን ምንሽር ጭኗ ላይ አጋድማ፣ የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ ኑግ ዘይት እየነከረች አፈሙዙን ትወለውላለች።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ሳቀ። «እትዬ፣ ይተዉት፤ ዝጎ አልቋል።»

«ብረትም እንደ ሰው ነው፤ ካልዳሰሱት ያኮርፋል» አለችው። ስለ ብረቱ ብቻ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሙሽራው ሲደርስ የአጎቴ ጠመንጃ ከሸፈበት። እማዬ የአባቴን አንሥታ ወደ ሰማይ ተኮሰች። ሸለቆው አስተጋባ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አጎቴ ራሱ «ዘራፍ! የወንድሜ ሚስት!» እያለ ፎከረላት።

ያ ምንሽር አሁን እኔ ቤት ነው። ዘይቱን ገዛሁ፤ ነገ ልጄን እድራለሁ፤ የምተኩሰውም እኔ ነኝ፣ የእማዬ ልጅ።