ይመር ያላጠፋው ደብዳቤ

ከባለቤቴ ከአስፋው ጋር የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ለወፍጮ የሚሄድ ማሽላ መልቀም ነው። ጠጠሩን እየለየ፣ «ያ ይመር ደብዳቤዬን ባያጠፋው ዛሬ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ፤ ካንቺ ጋር ማሽላ ስለቅም አልውልም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሦስተኛው ቀን ደም ግፊት ጣለውና ሞተ። አሁን የሚያንገበግበኝ ያ ሳቄ ነው። ደብዳቤውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ለነፍስ አባቴም ለእናቴም ተናግሬ አላውቅም።

አስፋው እዚህ ወልድያ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። አዲስ አበባ ለዶክትሬት ትምህርት ማመልከቱን ከሰው ሰማሁ። ከእኔ ደብቆ! የሥራ ኢሜይሉን የሚከፍተው በቢሮው ኮምፒውተር ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲው የኢሜይል ባለሙያ ይመር፣ ከሥራ ኢሜይሉ ጋር የውጭ ፕሮግራም ማያያዝ የሚፈልግ መምህር አስቀድሞ እንዲያማክረው ለሁሉም ተናግሮ ነበር። ይህንን የነገረኝ ራሱ አስፋው ነው። እኔ ግን የትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ በድብቅ ለምሠራው ማንን አማክራለሁ? እሁድ እሱ እድር ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ከማስታወሻ ደብተሩ ገለበጥሁ። መልሱን ከሱ ቀድሜ ልይ ብዬ ኢሜይሉን ስልኬ ላይ ከጫንኩት ፕሮግራም ጋር አያያዝኩት። ፕሮግራሙ፣ መልእክቱን ካወረድኩት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው ላይ ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አስፋው ሳጥኑ ሞላ እያለ ሲያማርር ስለምሰማ፣ አዎ አልኩ። ሳላውቅ ነው? አዎ፣ ይህን ሳላውቅ ነው። የቀረውን እያወቅሁ ነው።

ፈተና ሳርም ሁለት ሳምንት ሳልከፍተው ቀረሁ። ስከፍተው ፕሮግራሙ በራሱ አውርዶ ከዩኒቨርሲቲው ያጠፋው የመግቢያ ደብዳቤ ስልኬ ላይ ተቀምጧል፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል። ያን ዕለት አስፋው አዲስ አበባ ደውሎ «ልከንልሃል» ተብሎ፣ «ሳጥኑን የምታዘው አንተ ነህ፤ ያጠፋኸውም አንተ ነህ» ብሎ ከይመር ጋር ተጣልቶ እየጦፈ ገባ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አራት ቀን ምንድን ነው? ያኔ ብናገር፣ ምናልባት ለምኖ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ ፕሮግራሙን ከነደብዳቤው አጠፋሁት።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። አንድ ቄስና አንድ ሼህ ቤታችን ተቀመጡ። ይመር ደብዳቤውን እንዳልነካ ወላሂ ብሎ ማለ። ሼሁ የማለ ሰው ይታመናል ብለው አስፋውን ይቅር አሰኙት። ባሌ በአፉ ይቅር አለ እንጂ አላመነውም። ይመር ሲወጣ በር ላይ ቆም አለ።

«እትዬ ዘነበች፣ እርስዎስ ያምኑኛል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት።

እኔም አውቅ ነበር! ባለጌ ምላሴ የእግዚአብሔርን ስም መደበቂያ አደረገው።

ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቹ «ደብዳቤ በላው» የሚል ስም አወጡለት። ሲያልፍ፣ «ዛሬስ ምን ቁርስ በላህ?» ይሉታል። ማንም አላባረረውም፤ አፍ ነው ያባረረው። ሥራውን ትቶ ወደ ትውልድ ቀዬው ወደ ግራና ገባ። አስፋው ሲሞት ደግሞ ለቀስተኛው፣ ይመር ነው አንጀቱን አሳርሮ የገደለው ሲል እሰማለሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ዝም አልኩ። ሰው ሐዘን መሰለው። ሐዘን ነው የሰው ስም ሲታረድ ዝም የሚያሰኝ?

ትዳሬን ላድን ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርሁ። የማንን ኑሮ አፍርሼ? አስፋውም ያናድደኛል። ለምን ደበቀኝ? የማለን ሰው ለምን አላመነም? ግን ሙት አይከሰስም፤ የሱ ጥፋት የኔን አያቀልም። አንባቢዬ፣ የፕሮግራሙ ስህተት ነው ብለህ አታጽናናኝ። ፕሮግራሙስ ጠይቆኝ ነበር። ከአንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅርታው የይመር ነው፣ ቢነፍገኝም መብቱ ነው።

ይህንን በሦስት ቅጂ ጽፌዋለሁ፤ አንዱን ለባልደረቦቹ፣ አንዱን ለሽማግሌዎቹ፣ አንዱን ለራሱ ለይመር። አሁን መርሳ መናኸሪያ ተቀምጬ የግራናው መኪና እስኪሞላ እጠብቃለሁ።