ሰላምታ የማያስቀር ሌባ

በእኛ አገር ሰው ላም ይሰርቃል እንጂ ሰላምታ አያስቀርም። ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት፣ ወገራ ውስጥ የአክስቴን ላም የነዳው ሌባም እንዲህ ያለ ጨዋ ነበር። አክስቴ ዓይነ ስውር ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ኑሮዋ የዚያች ላም ወተትና ቅቤ ነው። ጎህ ሲቀድ የበረቱ መዝጊያ ሲንቋቋ ሰምታ «ማነህ?» ብትል፣ «እኔ ነኝ፣ እንደምን አደሩ እሜቴ?» ብሏት ላሚቱን ነድቶ ሄደ። ድምፁን አወቀችው፤ የመንደሩ አለቃ የጭቃ ሹሙ ወንድም ነው።

ወሬው ደርሶኝ ከአዘዞ ስመጣ፣ ከጎንደር የተላከው የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ቀድሞኝ ጭቃ ሹሙ ቤት አርፏል። ምርመራውን የጀመረው ከታረደለት ዶሮ ነው። እሱን ሲጨርስ አክስቴን አስጠራት።

«ሌባውን አይተውታል?»

«በምኔ ልየው ልጄ? ድምፁን ነው የሰማሁ። የጭቃ ሹሙ ወንድም ነው።»

«ካላዩማ ምስክር የለም።»

ሌባው የመረጣት ስለማታይ ነው፤ ፖሊሱም የናቃት ስለማታይ ነው። ሁለቱ ሳይመካከሩ ተስማሙ።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ይወጣል፤ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። የቀረ ይቀጣል ስለተባለ፣ ላሟ የተሰረቀባትንም አክስቴን እጇን ይዤ አወጣኋት። ያየ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ ስሙ እንዳይወጣም «ወፍ ነገረን» ይባላል። የዚያን ቀን ወፎቹ ሁሉ ዲዳ ሆኑ። የጭቃ ሹም ወንድም ነዋ! ወፍም ቢሆን ጎጆ አለው።

አክስቴ ብድግ አለች። «እንግዲያ ሁሉም እየመጣ እንደምን ዋሉ ይበለኝ፤ ሌላ አልጠይቅም።»

ሃምሳ አለቃው ሳቀባት። ሽማግሌዎቹ ግን ሰላምታ ማንን ገደለ ብለው ፈቀዱ። ወንዱ ተሰልፎ እጅ እየነሳ አለፈ። የጭቃ ሹሙ ወንድም ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ያዝ አድርጎ አንገቱን ደፋ። «ጉሮሮውን አሞታል» አለለት ጭቃ ሹሙ።

«ምነው፣ ላሜን ስትነዳ ደህና አልነበርክ?» አለችው አክስቴ።

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሃምሳ አለቃው ግን ተቆጣ፤ ማስረጃ ያልተገኘበትን ሰው በሸንጎ ሌባ ማለት ስም ማጥፋት ነው አለ። ላሚቱን ለመፈለግ ከመደብ ያልተነሳ ሰውዬ፣ ለሌባው ስም ሲሆን እንዴት ፈጠነ! ሽማግሌዎቹም ነገር እንዳይሰፋ ብለው አክስቴን ይቅርታ ጠይቂ አሏት። እንደ ወጉ ድንጋይ አንገቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዕርቅ ግን ራስ በመነቅነቅ አይሆንም። ተበደለ የተባለ ሰው ይቅር ማለቱን በአፉ ካልተናገረ አይፀናም፤ ሽማግሌዎቹም በዚህ ቀልድ አያውቁም። «በል እንጂ አንተ!» አሉት የጭቃ ሹሙን ወንድም። መግቢያ አጣ።

«ይቅር ለእግዜር፣ እሜቴ» አለ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

አክስቴ ድንጋዩን ጥላ ቀና አለች። «ይኸው! እሱ ነው! ሰማኸው ልጄ?»

«ሰማሁ እናቴ» አለ ሃምሳ አለቃው፣ በቅሎውን እያስጫነ። «ግን አሁንማ ታርቃችኋል፤ የላሚቱም ነገር አብሮ አለቀ።»