ቀድሜ የቀመስኩላት ውሻ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ስገዛ፣ ዛሬም አንዴ ገምጬ የቀረውን ወደ መሬት ዝቅ አደርጋለሁ፤ ጥርስ ያለኝ ይመስል!

በደርግ ጊዜ ጎረምሳ ሳለሁ፣ በየመንገዱ ለውሻ ከተጣለ መርዝ የተረፈች ውሻ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር አግኝቼ ቤት አመጣሁ። ከሰው እጅ አልበላም ብላ በረሃብ ልትሞትብኝ ሆነ።

በቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ያረጁት ጎረቤታችን አባባ ደስታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ ሆዳም፣ ቀድመህ ቅመስላት እንጂ! ለንጉሡስ ይቀመስ አልነበር?» አሉኝ።

ቀመስኩላት፤ ከግማሽ በላይ። ውሎ አድሮ እርጥብ አፍንጫዋ መዳፌን ነካ። ከዚያ ወዲያ እኔ ያልገመጥኩትን አትበላም ነበር።

ለብሔራዊ ውትድርና ስወሰድ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ስመለስ አላገኘኋትም። ከእኔ ወዲያ ማን ቀምሶላት ይሆን?