የግሪኳ እምቧይ

ለባቡር ጣቢያው ዘበኛ ሚስት ለተሻለች፣ ያኔ በሰፈሩ ገና ያልታወቀውን የቲማቲም ዘር የሰጠቻት አዳማ የከረመች አንዲት ግሪክ ነበረች። ተሻለች ተክላው ሲቀላ ከትፋ ከሽሮ ጋር ሠራችው።

ክፉ ወሬ ካልያዘች የማትመጣው ጎረቤቷ ቡዜ ከጓሮው የቀረውን አይታ፣ «ይሄ እኮ እምቧይ ነው፤ ከብት እንኳ አይነካውም» አለቻት።

ተሻለች ክው አለች። አማቷ እማማ ዘርፉ ሽሮውን ጥርግ አድርገው በልተው ጋደም ብለዋል። ሮጣ ገብታ ትንፋሻቸውን ልታዳምጥ ጎንበስ ስትል፣ አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ከወጡ ተርፏል?»

ተሻለች መደቡ ላይ ዘፍ አለች። «ተርፏል፣ እማማ።»

ከዚያ ወዲያ ትልቁን ቲማቲም ለዘር ብለው እማማ ዘርፉ ዱላ ይዘው ይጠብቁት ጀመር፤ ከከብት ሳይሆን ከቡዜ።